ያጠበቅሁት ካቴና

ከአሜሪካን ኤምባሲ ወደ ላይ፣ ሽሮ ሜዳን አቋርጦ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት እግረኛውን በትንፋሹ፣ ባለ ሞተሩን በጆሮው ይፈትነዋል። ሜዳ ላይ ዝም ያለ ነገር ሁሉ እዚያ አፍ ያወጣል። የላላ ዳዶ፣ የደከመ ኩሽኔታ፣ ያለቀ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም በየድምፁ ይናገራል። እኔም እሰማ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ አክስቴ ትታዘበኛለች።

ሞተሯን የገዛሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። ያማሃ ዲቲ 125፤ እግሯ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት እያቃጠለች ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ። ከእኔ በፊት የአንድ ፕሮጀክት ንብረት ሆና ገጠር ለገጠር ስትዞር ኖራለች፤ ሲበቃት በጨረታ ወጣች። የሰፈሩ ልጆች ዶቅዶቄ ይሏታል። አባቴ በስም አይጠራትም፤ “ያቺ ነገርህ” ይላታል።

ሥራዬ ሸማ ማመላለስ ነበር። አባቴ ከዶርዜ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማኔ ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ ነው። እሱና አጎቶቼ የሚሠሩትን ነጠላ፣ ጋቢና ጥለት ያለው ቀሚስ ፖርቶመጋላዬ ላይ አስሬ ቁልቁል መርካቶ፣ ፒያሳ፣ አንዳንዴም ቦሌ አደርሳለሁ። ስመለስ ክር ጭኜ ሽቅብ። ሸማ ቀላል ነው ይላል ሰው። ቡሉኮ ደራርቦ አስሮ አቀበት የወጣ ግን ጥጥ ስንት እንደሚመዝን ያውቃል።

ተራራውም የራሱን ግብር ይቀበላል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱ ይጎድላል። ነጂው የጎደለውን በማርሽ ይሞላል፤ አንደኛና ሁለተኛ እያደረገ ያስጮኸዋል። በትንሽ ማርሽ ሲወጣ ደግሞ ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው ካቴናው ላይ ነው።

ካቴና ስል ፖሊስ ስለሚያስርበት አላወራሁም። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን ሰንሰለትን ሁሉ ካቴና ይላል፣ እኛ ለሞተሩም ለእስረኛውም ወስደነዋል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት ቃላት ከመኪናው ጋር አብረው መጥተው መኪናው ካረጀ በኋላም ቀሩ። ከሞተር ጥቂት ራቅ ያለ ሰው ፊት ካወራሁ “ሰንሰለት” እላለሁ። መካኒክ ፊት ሰንሰለት ብል ግን ዋጋው የሚጨምርብኝ ይመስለኛል።

ሞተሬን የሚያዩልኝ መካኒክ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሌላ ስም አላወጣሁላቸውም። ትንሽ ጆሯቸው ከብዷቸው ስለነበር የሞተር ድምፅ የሚሰሙት ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ሥር በመትከል ነው። ዳገቱ እንዲቀልልኝ ብዬ ብለምናቸው የፊቱን ጥርስ ከ15 ወደ 14 አወረዱልኝ። ሲያወርዱልኝ ግን፣

“ክቡ በጠበበ ቁጥር ካቴናው አብዝቶ ይተጣጠፋል። የፊቱ ጥርስ ደግሞ የኋላው አንዴ ሲዞር እሱ ሦስቴ ይዞራል። ቶሎ ነው የሚያልቀው። እያየኸው” አሉኝ።

ዳገቱ ቀለለልኝ። “እያየኸው” የተባለው ከጆሮዬ ወጣ።

ጋሼ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ዱላ ነበረቻቸው። ሁለት መስመር ተጭሮባታል። የእኔ ዓይነቷ ሞተር የምታስረው 428 የሚባለውን ካቴና ነው፤ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ድረስ 12.7 ሚሊ ሜትር። ሃያው ሲቆጠር አዲስ ካቴና 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የመጀመሪያዋ መስመር እሷ ናት። ሁለተኛዋ 259 ላይ ናት። ፒኑ እዚያ ከደረሰ ካቴናው በመቶ ሁለት ረዝሟልና ዕድሜው አብቅቷል። አምስት ሚሊ ሜትር! እኔ በዚያ ዕድሜዬ አምስት ሚሊ ሜትር ሰው የሚጥል ነገር ነው ብሎ የሚነግረኝን አላምንም ነበር።

“ብረቱ እንደ ላስቲክ የተሳበ እንዳይመስልህ” ይሉኛል ጋሼ። “አንዱም አልተሳበም። ፒኑና ፒኑን ያቀፈው ቱቦ እርስ በርስ እየተፋፋቁ በየመገጣጠሚያው የፀጉር ያህል ክፍተት ይተዋሉ። ፀጉሩን በመቶ አባዛው።” ያ የረዘመ ካቴና ከጥርሱ ጉድጓድ ጋር ልኩ ስለማይሆን ወደ ጥርሱ ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጥርሱን በአንድ ወገን እየላጨ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። የጎበጠ ጥርስ ደግሞ አዲስ ካቴና ቢያስሩለት በአጭር ጊዜ ውስጥ ያስረጀዋል። ስለዚህ የፊት ጥርስ፣ የኋላ ጥርስና ካቴና አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ሰው ግን ኪሱን ዳስሶ አንዱን ብቻ ይገዛል፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ አውቃለሁ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ግማሽ ዕድሜው ያለቀ ሳልቫጅ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ጠምጥሜያለሁ።

ብዙ ቆይቶ ያነበብኩትን አንድ ነገር ለአባቴ ብነግረው ኖሮ ደስ ይለው ነበር። ሃንስ ሬኖልድ የሚባል የስዊስ ተወላጅ በ1879 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማንችስተር አጠገብ ሳልፎርድ ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ገዛ። ወርክሾፑ ካቴና የሚሠራው ለጥጥ ፋብሪካ ማሽኖች ነበር። በዓመቱ፣ በ1880፣ ሬኖልድ በፒኑ ዙሪያ ቱቦ፣ በቱቦው ላይ ደግሞ የሚሽከረከር ሮለር ያለበትን ካቴና በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በዓለም ያለ ብስክሌትና ሞተር የሚጎተተው በመሠረቱ በዚያው አሠራር ነው። ስለዚህ አባቴ “ያቺ ነገርህ” እያለ ሲያርቃት የነበረችው ሞተር ጅማቷ ከሸማኔ ቤት የወጣ ነበር።

አባቴ ስለ ሞተር ምንም አያውቅም፤ ስለ ውጥረት ግን ከጋሼ የበለጠ ያውቃል። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ድሩን በመዳፉ ጀርባ ዳበስ ያደርገዋል። ከላላ መወርወሪያው ይሰናከላል። ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፤ በተለይ ደረቅ በሆነ የጥር ጠዋት። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ሞተሯን ሳጸዳ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የታችኛውን የካቴና መስመር በጣቱ ወደ ላይ ገፋው።

“ይኼ ምን ያህል መላላት አለበት?”

“ሁለት ሦስት ጣት ያህል፣ አባባ።”

“ማንም ሳይቀመጥባት ነው ወይስ ተቀምጦባት?”

ጥያቄው ልክ ነበር፤ እኔ መልሱን በደንብ አላውቅም ነበር። ዲቲን የመሰለች እግረ ረጅም ሞተር ሰው ሲቀመጥባት የኋላ ጎማውን የያዘው እጇ ወደ ላይ ይታጠፋል። የፊቱ ጥርስ፣ የእጁ መገጣጠሚያና የኋላ ጎማ እምብርት በአንድ መስመር ሲገጥሙ በፊትና በኋላ ጥርሱ መሐል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ካቴናውም ይወጠራል። ባዶዋን ቆማ ልክ የመሰለ ውጥረት ሁለት ሰው ሲወጣባት እንደ ክራር አውታር ይሆናል። ካቴና የሚለካው ጭነቱ ታስቦ ነው። አባቴ ይህን ከሸማ ያወቀው ይመስለኛል።

አባቴ ይህን በጠየቀኝ ዓመት ክረምቱ ከብዶ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ጭቃ እያመጣ አስፋልቱ ላይ ይነጥፈዋል። ማታ ማታ ካቴናውን በላምባ አጥቤ፣ የሞተር ቤት የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ ቀብቼ አድራለሁ። በእኔ ቤት መንከባከቤ ነው። የተቃጠለ ዘይት ከነብረት ፍቅፋቂው ነው የሚወጣው፤ አቧራውንም ጠርቶ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሞረድ ይሆናሉ። ላምባውም ቢሆን ቆሻሻውን ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ ውስጥ የቀረውን ቅባትም አብሮ ያጥባል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ደርቆ፣ ወፈር ያለ የማርሽ ዘይት በውስጠኛው በኩል ጠብታ በጠብታ እየገባለት፣ ጎማው በእጅ እየዞረ፣ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ ማደር ነበረበት። “በእጅ እየዞረ” ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሞተር አስነስተው ማርሽ አስገብተው ካቴና በጨርቅ ሲጠርጉ ጨርቁ ጣታቸውን ይዞ ጥርሱ ውስጥ የገባባቸው አሉ። ጋሼ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ከአንጓው በላይ የለም። እንዴት እንደሄደ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ጎማ ስታጸዳ ሞተር አጥፋ ሲሉኝ ግን ሁልጊዜ ያንኑ እጅ ነው የሚያነሱት።

መስከረም ሲደርስ ሸማኔው ሁሉ ወደ ጋሞ ይወርዳል። መስቀልን አገሩ ያልዋለ ዶርዜ እንደዋለ አይቆጠርም፤ ሽሮ ሜዳም ለጥቂት ሳምንታት የመወርወሪያ ድምፅ ይርቃታል። እኔም ሄድኩ። ሞተሯን ግቢ ውስጥ ላስቲክ አልብሼ ተውኳት። ላስቲኩ ከላይ ዝናቡን ከለከለ፣ ከታች የመሬቱን እርጥበት አፈነ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ስመለስ ካቴናው ዝጎ አንዳንዱ መገጣጠሚያ አልታጠፍም ብሎ ጉብ ብሎ ቀርቷል። በላምባ ዘፈዘፍኩት፣ በፒንሳ ግራና ቀኝ እያጣመምኩ አላወስኩት፤ መልሼ አሰርኩት።

ድምፁ የጀመረው ያኔ ነው። ሽቅብ ስወጣ፣ ጎማው አንዴ በዞረ ቁጥር፣ ቀጭ። ሜዳ ላይ የለም። ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ዱላቸውን አወረዱ፤ ፒኑ ከሁለተኛዋ መስመር አልፏል። ከኋላው ጥርስ ላይ ካቴናውን በጣታቸው ቆንጥረው ወደ ኋላ ሳቡት፤ በሥሩ ብርሃን ታየ። “ሦስቱንም” አሉ። እኔ ደግሞ ያለኝን ሁሉ ለመስቀል ጨርሼዋለሁ። መስቀል አገሩ ሄዶ በባዶ ኪስ ያልተመለሰ ሰው ካለ ስስታም ነው።

“ለገና ሰሞን ሥራ ሲመጣ እቀይረዋለሁ፣ ጋሼ።”

“እስከዚያ አትጫንባት።”

አሁን ሳስበው የሠራሁት ስህተት አለመቀየሬ አይደለም፤ ድሃ የሚቀይረውን ቀኑን ጠብቆ ነው የሚቀይረው። ስህተቴ ድምፁ ስላሰለቸኝ ዝም ላሰኘው ማለቴ ነው። ጥቅምት 20 ማታ ግቢ ውስጥ ቁልፍ ይዤ ተቀመጥኩ። የኋላ ጎማውን ዳዶ ፈትቼ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ካቴናው ተወጠረ። መንገድ ላይ ወጥቼ ሞከርኩት። ድምፁ የለም! ደስ አለኝ። ሲያልቅ አባቴ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። መጥቶ በጣቱ ገፋው፤ እምቢ አለው።

“ድር ሲሳሳ ወጥረህ አትሸሽገውም” አለኝና ገባ።

በማግሥቱ ማርያም ናት። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በየወሩ በ21 እንጦጦ ማርያም ደርሳ ጸበል ይዛ ትመለሳለች። ሁልጊዜ በእግሯ ነበር። ጉልበቷን አሟት ስለነበር አድርሰኝ አለችኝ፤ ደስ እያለኝ አወጣኋት። ሽቅብ ስንወጣ ጭጭ፤ አንዲት ቀጭ እንኳ የለም። እሷም “ሞተርህ ዛሬ ደህና ናት” አለችኝ። ጸሎቷን አድርሳ፣ አምስት ሊትር ጀሪካን ጸበል ሞልታ፣ በመካከላችን አስቀምጣ፣ በነጠላዋ አስራው ተቀመጠች። ለመውረድ ተነሳን።

ቁልቁለቱን የምወርደው እንደ ማንኛውም ሰው ሞተሩን ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘኛል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ ሴቶች አምስት ወይም ስድስት ሆነው ከፊታችን ይሄዳሉ። ወገባቸው በሸክም ታጥፎ፣ እንጨቱ በጎን በጎናቸው መንገዱን ግማሽ ይዞት። ላልፋቸው ወደ መሐል ወጣሁ። ያን ጊዜ አንድ ቀጭ ሰማሁ። ከዚያ የሆነውን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፣ ፍጥነቱ ግን ጨመረ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ገባው፤ የሚይዘን ነገር የለም።

የኋላ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ የነበረ ከበሮ ነው፣ ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። የፊቱን ጨበጥኩ፤ አክስቴ ከነጀሪካኗ ጀርባዬ ላይ ወጣች። ሴቶቹ ድምፅ ሰምተው ዞር ሲሉ እንጨታቸውም አብሮ ዞሮ መንገዱን ዘጋው። ወደ ተራራው ጥግ አጠፍኳት። ቦዩ ውስጥ የፊት ጎማው ገባ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታና ጀርባዬ ላይ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ጸበል ነው። ደም መስሎኝ ነበር።

ሴቶቹ ሸክማቸውን ጥለው ደረሱልን። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ተልጧል፣ ሌላ የለኝም። አክስቴ የቀኝ አንጓዋ ተሰብሯል። አልጮኸችም። “ልጆቹን አልነካንም?” አለች፤ ልጆቹ ያለቻቸው እንጨት ተሸካሚዎቹን ነው፤ ትንሿ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል።

ካቴናው ከኋላችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ጋሼ አዩት። አልተቆጡም፣ የሚቆጡበትን ነገር እያንዳንዱን በየተራ አሳዩኝ እንጂ። ሁለቱን ጫፍ የምታገናኘው ቁልፍ ክሊፗ የለችም። ያቺ ክሊፕ የፈረስ ኮቴ ትመስላለች፤ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት፣ የተከፈተው ወደ ኋላ ነው የሚሆነው፤ አለዚያ የሚነካት ነገር ሁሉ እየገፋ ያወልቃታል። “እንዴት ነው ያስገባሃት?” አሉኝ። ላስታውስ ሞከርኩ፤ አላስታውስም። ከዛገ በኋላ መልሼ ያሰርኩት ራሴ ነኝ፤ ማታ ነበር፣ መብራት አልነበረም። ከዚያ የኋላውን ጥርስ አሳዩኝ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ጎብጧል። ከዚያ የኋላ ጎማ ማስተካከያው የት ድረስ እንደተሳበ። የቱ እንደቀደመ ዛሬም አላውቅም፤ ክሊፗ ትሁን፣ የጎበጠው ጥርስ ይሁን፣ ወይስ ባዶዋን ጥብቅ ያደረግኋት ካቴና አክስቴና ጀሪካኑ ሲጨመሩባት።

“ዕድለኛ ነህ” አሉኝ ጋሼ። “ወደ ኋላ ነው የወደቀው። የፊቱ ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ ቢሆን የሞተሩን ቤት ይሰነጥቃል፤ ወይም ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ ቦይ የምትመርጥበት ጊዜ አይኖርህም።”

ከዚያ አንድ ጥግ ላይ የቆመች አሮጌ ሞተር አሳዩኝ። ያማሃ ኤጂ 100፣ ለገጠር ሥራ የተሠራችው። ካቴናዋ ዙሪያውን በቆርቆሮ ሽፋን ተዘግቷል፤ ጭቃ አይገባው፣ አቧራ አያገኘው። “እሷን የሠራት ሰው አንተን ያውቅሃል” አሉኝ። ስድብ መሆኑ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

አክስቴን ወጌሻ አሰራት፤ በኋላ ሐኪም ቤትም ሄዳለች። አንጓው ቢጠገንም እንደ ድሮው አልዞረም። የጀበና እጀታ በቀኝ እጇ መያዝ ስላቃታት በግራዋ መቅዳት ለመደች። ለገና ሰሞን ሦስቱንም አስቀየርኩ፤ ገንዘቡን ያበደረኝ አባቴ ነው፣ ምንም ሳይል። ሞተሯን እስከ 1998 ዓ.ም. ነዳኋት፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ዘይት፣ በየወሩ ዱላ። ከዚያ ሸጥኳት።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ሳይክል ሲያግድ፣ ለጥቂት ጊዜ ዳገቱ ጸጥ ብሎ ነበር። በኋላ ፈቃድ ያገኙት ተመለሱ። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት መኪናው በዛ፤ ሞተሮቹን ዛሬ የሚነዱት ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሞተሩ ጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠ፣ ካቴና የማያውቅ ኤሌክትሪክ ይነዳሉ። ሽው ብለው ያልፋሉ። ከእነሱ ኋላ ግን ሁልጊዜ አንዱ ይመጣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንዴ መብራት ላይ ለአንዱ ነገርኩት። “አውቃለሁ ጋሼ፣ ዛሬ አጠብቀዋለሁ” አለኝ። መብራቱ ለቀቀና ሄደ።

አክስቴ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ናት። የሌላ ሰው ቤት ጀበና በስንደዶ ማቶት ላይ ይቀመጣል፤ የእሷ ግን ያ የጎበጠው የኋላ ጥርስ ላይ ነው። ጋሼ ሲጥሉት ለምና ወሰደችው። እጅ እንዳይቧጭር የጥርሶቹን ጫፍ እኔ ሞርጄላታለሁ፤ መሐሉ ክፍት ስለሆነ የጀበናውን ቂጥ ልክ ያቅፈዋል። ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። አቦሉን በግራ እጇ ቀድታ ጀበናውን መልሳ ብረቱ ላይ ስታስቀምጠው፣

“ካቴናህስ እንዴት ነው?” አለችኝ።

“ከሸጥኳት ስንት ዓመቴ፣ እትዬ!”

“አይደል?” አለችና ስኒውን ሰጠችኝ።